የሞተር አተላና የዘይት ጠብታ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ መኪና ዘይት ሲጻፍ ለአንዳንድ አንባቢዎች እንግዳ ነገር ሊመስላቸው እንደሚችል እገምታለሁ። የአገር ጉዳይ ሞልቶ ሳለ ስለ ጋራዥ ማውራት ምን ይባላል የሚሉም አይጠፉም። ይሁንና በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን፣ በተለይም አዲስ መጥቶ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ፣ በመኪና ማቆሚያ ወይም በታክሲ ሥራ የተሰማራው፣ ኑሮው የተንጠለጠለው በአንድ አሮጌ መኪና ላይ ነው። አውቶቡስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በማይደርስበት ሰፈር መኪናው የቆመ ዕለት ሥራው ይቆማል። ሥራው ሲቆም ደግሞ የሚጓደለው እዚህ ያለው የቤት ኪራይ ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት የሚጠብቁት እናትና አባትም ወሩን ያለ ተስፋ ያሳልፋሉ። ስለዚህ ከመኪና ሥር የምትንጠባጠብ አንዲት ጠብታ ከየት እንደመጣች ለይቶ ማወቅ ለብዙዎቻችን ተራ ወሬ አይደለም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። አገር ቤት ሳለሁ መምህር ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ በዋሽንግተንና በአካባቢው ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። ከተማዪቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የቀጣና ታሪፍን ትታ በሜትር ማስከፈል ስትጀምር ከተከራከሩት ሾፌሮች አንዱም ነበርኩ፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ልተወው። ስለ ሞተር የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ ጋራዦች ካሳለፉ አንድ አዛውንት ነው። ስማቸው እንዲጠቀስ አይወዱም፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ዛሬ ጡረታ ወጥተው በቨርጂኒያ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጃቸው ቤት በስተኋላ ካለችው ጠባብ ጋራዥ ውስጥ አንድ የወገን መኪና ኮፋኖው ተከፍቶ አይጠፋም።

የጋሼ ቋንቋ ጣሊያን ትቶት የሄደው የጋራዥ ቋንቋ ነው። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፓራኦሊዮ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ ይላሉ። የእዚህ አገር ጋራዥ ሌላ ቋንቋ ይናገራል፤ ወገናችን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም አያውቅም። የቃሉን ትርጉም ለመጠየቅ ያፍርና «እሺ» ብሎ ይፈርማል። እኔ እንደታዘብኩት አሮጌ መኪና ያለው ስደተኛ ገንዘቡን የሚያጣው በማታለል ብቻ ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ዝምታም ጭምር ነው።

የ1,450 ዶላሩ ወረቀት

ነገሩን በተጨባጭ ለማስረዳት ባለፈው የፈረንጆች ክረምት የገጠመንን ላውጋችሁ። አንዲት እኅታችን በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሏት። መኪናዋ የ2004 ሥሪት፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ሞተሩ በአግድም የተቀመጠ የጃፓን መኪና ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት በ2,300 ዶላር ነበር የገዛችው። አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ገብታ እንቅልፏን ስትጨርስ የመስተዋቱ መጥረጊያ ሥር አንድ ወረቀት ተሰክቶ አገኘች። የአፓርታማው አስተዳደር ነው፤ መኪናዋ አስፋልቱ ላይ ዘይት እያፈሰሰች ስለሆነ በአሥር ቀን ውስጥ ካላሠራቻት ተጎትታ ትወሰዳለች ይላል።

በአቅራቢያዋ ወዳለ ጋራዥ ወሰደችው። እዚያ ያየው ሰው መኪናውን ከፍ አድርጎ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበትን ቦታ በባትሪ ተመለከተና የክራንክሻፍቱ የኋላ ፓራኦሊዮ ሄዷል አላት። ፓራኦሊዮ ማለት ዘይት ከሚዞር ዘንግ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚያግድ የጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ራሱ ርካሽ ነው፤ ወደ እርሱ ለመድረስ ግን ካምቢዮው በሙሉ መውረድ አለበት። የቀረበላት ዋጋ 1,450 ዶላር ሆነ። መኪናው በሙሉ ቢሸጥ ያን ያህል ማውጣቱም ያጠራጥራል።

በቤተ ክርስቲያን በኩል ወሬው ደርሶኝ ከጋሼ ጋር አገናኘኋት። ጋሼ ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና የጠየቋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ልጄ፣ ሰውየው ሞተሩን አጥቦ ነው ያየው?»

አላጠበውም ነበር። ሰውየው ሌባ ነው ብዬ አልፈርድም። ያየው ነገር እውነት ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቦታ ዘይት ነበር። ነገር ግን ዘይት ሁለት ጌቶች አሉት፤ አንደኛው መሬት ወደ ታች ይስበዋል፣ ሁለተኛው መኪናው ሲሄድ የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከሞተሩ ጫፍ ላይ የጀመረ ፍሳሽ በብረቱ ላይ እየተንሸራተተ፣ በቡሎኖች ራስ ላይ እያረፈ፣ ከጀመረበት ሁለት ክንድ ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላል። ጠብታዋ የወደቀችበት ቦታ የፍሳሹ መጨረሻ ነው። መጀመሪያውን ለማግኘት ከላይ ወደ ታች መፈለግ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሞተሩ ንጹሕ መሆን አለበት። የሃያ ዓመት ጭቃና ዘይት በተጋገረበት ሞተር ላይ ከየትኛው ስንጥቅ እንደሚፈስ በዓይን አይቶ ለመናገር መሞከር ግምት ነው።

ካርቶን፣ ጣትና አፍንጫ

ማንም ሰው ጋራዥ ሳይሄድ በቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን ልንገራችሁ። ማታ መኪናው ከቆመ በኋላ ሰፋ ያለ ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ አንጥፉ፤ የጎማዎቹንም ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ያለውን ነገር በቀለሙ፣ በሽታውና ባለበት ቦታ ለዩት።

ከፊት መሐል አካባቢ ያለ ቡናማ ወይም ጥቁር፣ በጣት ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ነው። የካምቢዮ ዘይት ሲያረጅ ቀይነቱ ይጠፋና ይቡናል፤ የተቃጠለ ነገር ከሸተተም ካምቢዮው ራሱ ታሟል ማለት ነው። አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ውኃ የሚመስልና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። እዚህ ላይ ሕፃን ልጅ ወይም ውሻ ላለው ሰው አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህ ፈሳሽ ሲቀመስ ይጣፍጣል፤ በብዛት ያለበት ኤቲሊን ግላይኮል ግን ገዳይ መርዝ ነው። መሬት ላይ አይታችሁ «ጠዋት እጠርገዋለሁ» አትበሉ።

በበጋ ሙቀት ማቀዝቀዣውን ከፍታችሁ ከነዳችሁ በኋላ ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ለፊት የሚንጠባጠብ ቀለምና ሽታ የሌለው ነገር ውኃ ነውና አትጨነቁ። ወለሉ ምንጣፍ ላይ እርጥበት ካለና ጣፋጭ ሽታ ከሸተተ ግን ማሞቂያው ውስጥ ያለው ትንሽ ራዲያተር ቀዶ ሊሆን ይችላል። ከጎማ በውስጥ በኩል ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ቀጭን ፈሳሽ ካያችሁ ደግሞ የፍሬን ዘይት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ያን ዕለት መኪናው ከቆመበት አይነሣ። የሞተር ዘይት ጠብታ ወራት ሊታገሥ ይችላል፤ የፍሬን ዘይት ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

በእኅታችን ካርቶን ላይ ያገኘነው ጥቁር ቡናማ የሞተር ዘይት ብቻ ነበር። በማግስቱ ጋሼ ጀነሬተሩንና የኤሌክትሪክ መያያዣዎቹን በፕላስቲክ ሸፍነው ሞተሩን በቅባት ማስለቀቂያ ረጭተው በብሩሽ ፈትገው አጠቡት። ከዚያም በመለዋወጫ መደብር በጥቂት ዶላር የሚሸጥ የሚያበራ ማቅለሚያ ዘይቱ ውስጥ ጨመሩና ለሁለት ቀን ወደ ሥራዋ ነድታው እንድትመለስ አዘዟት። ስትመለስ የጋራዡን መብራት አጥፍተን በአልትራቫዮሌት መብራት ብናየው አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ የሚያበራው መስመር ከላይ ጀመረ። በካምቢዮው በኩል ካለው የቴስታታው ክዳን ማዕዘን ተነሥቶ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ፣ ጋራዡ ባትሪውን ካበራበት ቦታ ላይ ደረሰ። የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን ከዓመታት ሙቀት የተነሣ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ነበር። ከኋላው ፓራኦሊዮ የሚወጣ ግን አንዳችም ብርሃን አልታየም።

አተላው

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝቶ መቀየር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ጋሼ ግን ሌላ ነገር ጠየቁ። «የደረቀው ይድረቅ፤ እንዲህ አድርጎ የገፋው ምንድን ነው?»

እንግዲህ ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። በሲሊንደር ውስጥ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ ምንጊዜም በፒስተን ፋሻዎች ጎን ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት የሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ከእርሱም ጋር እንፋሎትና ያልተቃጠለ ቤንዚን አብሮ ይገባል። ይህ ሁሉ በመተንፈሻ ቫልቭ በኩል ተስቦ ወደ ሞተሩ ተመልሶ እንዲቃጠል ነው የተሠራው። ቫልቩ የአውራ ጣት ያህል ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ሲደፈን ግን ሁለት ነገር ይከተላል። በመጀመሪያ ጋዙ መውጫ አጥቶ ይጠራቀምና ደካማ የሆነውን ጓርኒሲዮን ወይም ፓራኦሊዮ ገፍቶ ዘይቱን ወደ ውጭ ይተፋዋል። በሁለተኛ ደረጃ እርጥበቱና አሲዱ ከዘይቱ ጋር እየተማሰለ ይቀርና በሙቀት ተጋግሮ ወደ ጥቁር ዝቃጭ ይለወጣል። ጋሼ ይህን ዝቃጭ «አተላ» ይሉታል። ጠላ ከተቀዳ በኋላ ከጋን ሥር የሚቀረውን ላየ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። አተላው ደግሞ በተራው መተንፈሻውን ይበልጥ ይደፍነዋል።

ከዚህ የተነሣ በአሮጌ መኪና በውጭ የሚታየው ፍሳሽና በውስጥ የተሸሸገው አተላ ብዙ ጊዜ የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው። ጓርኒሲዮኑን ብቻ ቀይሮ መተንፈሻውን ሳያዩ መኪናውን መመለስ ፍሳሹን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ብዙ ሰው «አሠርቼው ነበር፤ ተመልሶ አፈሰሰ» እያለ ሲያማርር የሰማሁት ስለዚህ ይመስለኛል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየዞረ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና በቀዳዳው ላይ አንድ ቀጭን ወረቀት አኑሩ። በብዙዎቹ ሞተሮች መተንፈሻው ደኅና ከሆነ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ይሳባል። ወረቀቱን የሚያስፈነጥር እፍታ ከወጣ መተንፈሻው ተደፍኗል ወይም የፒስተን ፋሻዎቹ አልቀዋል። ቫልቩንም ፈትታችሁ ነቅንቁት፤ አብዛኞቹ ደኅና ሲሆኑ ውስጣቸው ይንኳኳል። የእኅታችን ቫልቭ እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ ነበር።

የመሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ከክዳኑ በታችም ተመልከቱ። የወርቅ ቀለም ያለው ስስ ልባስ ብቻ ከሆነ እሰየው። ጥቁር ቅባት በጥፍር የሚፋቅ ከሆነ አተላ ነው። ነጣ ያለ ቢጫ አረፋ ካያችሁ ደግሞ አትደንግጡ። እኅታችን ይህን አረፋ አይታ አንድ ወዳጇ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ሞተሩ አበቃለት» ብሎ አስለቅሷት ነበር። ጋሼ ሦስት ነገር አዩ፤ የራዲያተሩ ፈሳሽ አልቀነሰም፣ በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ወተት አልመሰለም፣ ከጭስ ማውጫውም ነጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስ አልወጣም። ሦስቱም ደኅና ከሆኑ በክዳኑ ሥር ያለው አረፋ በብርድ ወራት አጭር ጉዞ የሚሠራ ሞተር ያላተነነው እርጥበት ነው።

የአጭር ጉዞውን ነገር ደግሞ ሰው ልብ አይለውም። የእኅታችን ሥራ ከቤቷ ሦስት ማይል ነው። ደርሶ መልስ ስድስት ማይል፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 1,560 ማይል። ዘይት የቀየረላት ሰው መስተዋቱ ላይ የለጠፈው ወረቀት «ከ5,000 ማይል በኋላ ተመለሺ» ይላል። ገበያውንና ቤተ ክርስቲያኑን ብንጨምርበት እንኳ 5,000 ማይል ለመሙላት ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ እርጥበቱ ሳይተን ይጠራቀማል። ማይሉ አልደረሰም፣ ዘይቱ ግን ሞቷል። በአውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ለሰዓታት የሚጠብቅ የታክሲ ሾፌርም እንዲሁ ነው፤ ማይል ቆጣሪው ቆሞ ሳለ ዘይቱ ያረጃል። እንዲህ ላለ መኪና ወር እንጂ ማይል መቁጠር አይበጅም፤ በስድስት ወር አንድ ጊዜ መቀየር ከሁሉ ርካሹ ጥገና ነው።

የቴስታታው ክዳን ሲነሣ ያየነውን አልረሳውም። በጸደይ ዝናብ የታጠበ መንገድ ዳር እንደሚከመር ጭቃ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ አተላ በካምሻፍቱ ዙሪያ ተቆልሎ ነበር። እኅታችን አጠገባችን ቆማ ነበርና ፊቷ ተለወጠ። ከዚያም በቀስታ፣ «ጋሼ፣ ቀይ መብራት አንዳንዴ ትበራብኛለች፤ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ብቻ ነው» አለች።

ይህን ስትናገር ጋሼ መፍቻውን አስቀመጡ። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲዞር ብልጭ ድርግም የሚል የዘይት መብራት ማለት ግፊቱ ወርዷል ማለት ነው። በዘይት ገንዳው ውስጥ ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ወንፊት አለ፤ አተላ እርሱን ከደፈነው ዘይቱ እያለ ሞተሩ ይጠማል። ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ያለ ዘይት የሚቆዩት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ይህ መብራት እየነዳችሁ በርቶ ከቀረ ወደ ዳር ወጥታችሁ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። «ቤት እስክደርስ» የሚባል ነገር የለም። ብዙ ሞተር የሞተው በዚያች የመጨረሻ ማይል ላይ ነው።

የታወቀው ክርክር

አተላ የሚመጣው በባለቤቱ ቸልተኝነት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ይህን እንዳለ አልቀበለውም። ቶዮታ ከ1997 እስከ 2002 ሥሪት ባሉት ባለ 3.0 ሊትር ስድስት ሲሊንደርና ባለ 2.2 ሊትር አራት ሲሊንደር ሞተሮቹ ላይ የአተላ አቤቱታ በዝቶበት እ.ኤ.አ. በ2002 ለባለቤቶቹ ልዩ የጥገና ዋስትና ሰጥቶ ነበር። ካምሪ፣ ሲዬና፣ አቫሎንና ሌክሰስ ኢኤስ 300 ይገኙበታል፤ የተሽከርካሪዎቹም ቁጥር ወደ 3.3 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ኩባንያው ምክንያቱ ዘይት በጊዜው አለመቀየር ነው ሲል፣ ብዙ ባለቤቶች በጊዜው ቀይረናል ብለው ተከራከሩ። ዋስትናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ ስምንት ዓመት ነበር። የጋራ ክሱም እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ቮልስዋገንም በፓሳት ባለ 1.8 ሊትር ቱርቦ ሞተር የተነሣ ተመሳሳይ የስምንት ዓመት ዋስትና ሰጥቷል።

እነዚህ ዋስትናዎች ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል፤ ዛሬ ማንም በእነርሱ ሊጠይቅ አይችልም። ታሪኩን ያነሣሁት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንዳንድ ሞተር በአሠራሩ ዘይትን ከሌላው ይበልጥ ያበስላልና እንዲህ ያለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ሁለተኛ፣ በዚያ ክርክር ዘይት የቀየረበትን ደረሰኝ ያስቀመጠ ሰው ከላስቀመጠው በብዙ ተሽሎ ተገኝቷል። እኛ ደረሰኝ የመጣል ልማድ አለብን። መኪናው ውስጥ አንድ ፖስታ አኑሩና እዚያ ክተቱት።

በኃይል ማጠብ ወይስ በትዕግሥት?

አተላውን ካየን በኋላ ክርክሩ በእኛው መካከል ሆነ። እኔ በመደብር የሚሸጠውን የሞተር ማጠቢያ ገዝተን ብንጨምርበት ምን ይለዋል አልኩ። ጋሼ እጃቸውን አወዛወዙ። ቀለል ያለ ጭቅቅት ላለበት ሞተር ሊሠራ ይችላል፤ እንዲህ አተላ የተቆለለበትን ግን ኃይለኛ ማጠቢያ በአንድ ጊዜ ይገነድሰዋል። የተገነደሰው ቁራጭ የሚሄደው ደግሞ ወደዚያው ወንፊት ነው። ፍሳሽ ያቆማል እየተባለ የሚሸጠውንም ጠርሙስ አልወደዱትም፤ የደረቀ ጎማ ለጊዜው አብጦ ሊያግድ ይችላል፣ የደፈነውን መተንፈሻ ግን አይከፍትም።

ስለዚህ ሥራው ረዘመ። በመጀመሪያ በመብራቷ ዳሳሽ ቦታ የግፊት መለኪያ ገጠሙ፤ ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲዞር 6 ፒኤስአይ ብቻ አሳየ። የቆየው የመካኒኮች ልማድ በደቂቃ ለ1,000 ዙር ወደ 10 ፒኤስአይ ይጠብቃል። በሚቀጥለው ቅዳሜ የዘይት ገንዳውን አወረድን። በማጣበቂያ ሲሊኮን የተያያዘ ስለነበር እንዳይጣመም በትዕግሥት ዙሪያውን መሰንጠቅ ነበረብን፤ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ወንፊቱ ከሦስት እጅ ሁለቱ በከሰል በሚመስል ጥቁር ነገር ተሸፍኖ አገኘነው። ጸዳ፣ ገንዳውም ታጠበ፣ በቴስታታው ላይ የተቆለለው በእጅና በማንኪያ ተፍቆ ወጣ። ፍርፋሪው ወደ ታች እንዳይወርድ ጋሼ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወትፈው ነበር፤ ጨርቆቹንም ሲያስገቡ ሲያወጡም እየቆጠሩ ነው። አዲስ መተንፈሻ ቫልቭ፣ አዲስ የክዳን ጓርኒሲዮን ገባ። ሲመለስ ግፊቱ 17 ሆነ።

የቀረውን አተላ አዲስ ዘይት ራሱ ቀስ እያለ እንዲያሟሟው ተደረገ። ዘይት ሳሙና የሚመስል ማጽጃ ቅመም አለው፤ ችግሩ ጊዜ ሲያልፍበት ቅመሙ ያልቃል። የመጀመሪያው ዘይት በ500 ማይል ተቀየረ፣ ሁለተኛው በ1,000፣ ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ። ጋሼ ያገለገለውን ፊልትሮ ሁሉ እየቆረጡ ውስጡን ያዩታል። የመጀመሪያው በጥቁር ደቃቅ የተሞላ ነበር፤ ሦስተኛው ንጹሕ ባይባልም ወረቀቱ ይታያል። ከብረት የተፋቀ የሚያብረቀርቅ ነገር ግን በአንዱም አልተገኘም፤ እርሱ ቢገኝ ኖሮ ብሮንዚኖቹ ተበልተዋልና ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነበር። ያገለገለውንም ዘይት በጠርሙስ ሞልተን ወደ መለዋወጫ መደብር ወሰድነው፤ ብዙዎቹ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ።

መለዋወጫው፣ ማቅለሚያውና የሦስት ጊዜው ዘይት ተደምሮ ከ200 ዶላር ጥቂት አለፈ። ጋሼ የድካማቸውን አልቀበልም ብለው ነበር፤ እኅታችን «እንግዲያው ቁልፉን እርስዎ ዘንድ ትቼው በእግሬ እሄዳለሁ» ብላ አስገደደቻቸው። ይህን ስል መኪናው አዲስ ሆነ ማለቴ አይደለም። ያን ያህል የተጠማ ሞተር ምን ያህል ዕድሜ እንደጎደለበት ማንም አያውቅም፤ ጋሼም «አንድ ክረምት ካሻገረሽ ዕዳውን ከፍሏል» ነው ያሏት። ሁሉም አሮጌ መኪና እንዲህ ይደከምለታልም አልልም። ወንፊቱ ጸድቶ ግፊቱ ባይመለስ ኖሮ ለቁርጥራጭ ብረት ሽጪው ልንላት ተዘጋጅተን ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ለዘይት ቅየራ ስትመጣ ካርቶኗን ጠቅልላ ይዛ መጣች። ከአፓርታማው አስተዳደር ሌላ ወረቀት አልመጣባትም፤ መብራቷም ከዚያ ወዲህ አልበራችም። በካርቶኑ ላይ የሞተር ዘይት ነጥብ የለም። ከፊት በስተቀኝ በኩል ግን የሳንቲም ያህል ስፋት ያላት ቀይ ነጥብ ተገኘች። ካምቢዮው በግራ ነው ያለው፤ በቀኝ ያለው የመሪው ፓምፕ ነው። ጋሼ በጣታቸው ነክተው አሸተቱትና፣ «ይህንንም አጥበን እናየዋለን» ብለው የሚቀጥለውን ቅዳሜ ቀጠሩን።

ቸር ይግጠመን።